የመሳቀቅ መለኪያ

ሆስፒታሉ ውሃ ከጠፋበት ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ሴትዮዋ የኮሪደሩን ቧንቧ ብትከፍተው አንዴ ተንፍሶ ዝም አላት። ለምጽ ፊቷንና እጆቿን ካዥጎረጎረው ዐሥር ዓመት አልፏል፤ ዛሬ የመጣችው አንድ ተመራማሪ በመልኳ ምን ያህል እንደምትሳቀቅ ሊለካ ስለጠራት ነው። መለኪያው ከዜሮ እስከ አራት ነው።

«ሰው ትኩር ብሎ ሲያይዎት?»

«ዜሮ።»

«ታክሲ ውስጥ አጠገብዎ የሚቀመጥ ሰው ሲጠፋ?»

«ዜሮ። ተመቻችቼ እሄዳለሁ።»

«ሰው ሲጨብጥዎት?»

«ዜሮ አልኩህ እኮ!»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «እትዬ፣ እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ! ጥናቴ ተበላሸብኝ እኮ።»

«የሚሳቀቁትማ ሰዎቹ ናቸው። ለምን እነሱን አትጠይቅም?»

«ለእነሱ መጠይቅ አላዘጋጀንም።»

እያጉረመረመ ሠላሳውንም ጥያቄ ዜሮ ሞላ። ሲጨርስ ግን ለምጽ በመነካካት እንደማይተላለፍ ሕዝቡን ሊያስተምር በቴሌቪዥን እንደሚቀርብ በኩራት ነገራት። ደስ አላትና ለስንብት እጇን ዘረጋችለት።

እሱ መዳፉን አጥፎ የእጁን አንጓ አቀበላት።

«ይቅርታ፣ አሁን ታጥቤ እጄ ርጥብ ነው።»

አንጓውን ጥብቅ አድርጋ ያዘችለት።

«እሰይ! ውሃ መጣ በለኛ!»