የሊፍቱ ልክ

መሃል ከተማ ከተገተሩት አዳዲስ ፎቆች በአንዱ፣ አፓርታማ ሻጯ ሽማግሌውን አስራ ስምንተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ አቁማ «አባባ፣ ከእርስዎ በላይ እኮ የሚኖረው እግዜር ብቻ ነው» አለቻቸው።

እሳቸው ግን ቁልቁል የሚታየውን ከተማም፣ የሚያብለጨልጨውን ወጥ ቤትም ከቁብ አልቆጠሩት። ቀጥ ብለው ወደ ሊፍቱ ሄዱ፤ ከኪሳቸው ሜትር አውጥተው ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ ለኩና ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ሶፋዎ ትልቅ ነው እንዴ?» አለች፣ ገዢዋ ሲያመልጣት እየታያት። «አያስቡ፣ በደረጃ በሸክም እናስወጣልዎታለን።»

«ሶፋስ የለኝም፣ ልጄ» አሉ ሜትሩን እየጠቀለሉ። «እኔን ያሳሰበኝ መውረዱ ነው።»

«መውረዱ ምን ችግር አለው?»

«ስወጣማ ቆሜ እወጣለሁ። የመጨረሻዋን ቀን የምወርደው ግን ተጋድሜ ነው፤ የእድራችን ሰዎች ደግሞ ሁሉም ጉልበታቸውን ያማቸዋል።»