ስም የሌለው አድማጭ

«ድምፅዎን የፈለገ አድማጭ አለ» አለ ጋዜጠኛው፣ ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ እያስተካከለ።

ደብሪቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። ሰውዬው ለሬዲዮ ጣቢያው ድምፅ ሊቀዳ ከጎንደር ደባርቅ እንደመጣ ሰምታለች። ከእሷ በፊት አንድ የዳባት ነጋዴ ስለ እህል ዋጋ፣ አንድ ቄስ ስለ ችግኝ ተከላ ተናግረው ከቀበሌው አዳራሽ ወጥተዋል። እነሱ በገዛ እግራቸው ነው የመጡት። እሷን ግን ከገበያ መሐል ጠርተው ያመጧት ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ናቸው።

«እኛ አድማጭ የጠየቀውን ነው የምናቀርበው። ዘፈን ሲሉን ዘፈን፣ የገበያ ዋጋ ሲሉን የገበያ ዋጋ።» ፈገግ ብሎ ከፖስታ ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣና አነበበ። «የደባርቋን የወይዘሮ ደብሪቱን ድምፅ እንድታሰሙኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። አድማጫችሁ።»

«ስም የለውም?»

«የለውም። የፖስታው ማኅተም ግን የመተማ ነው፤ ከሱዳን ጠረፍ።»

የዛሬ ሁለት ዓመት ልጇ አገኘሁ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርዶ ከሸፈቱት ጋር ተቀላቅሏል። ከቀበሌ «የት ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ ሲበዛባት፣ አዲ አርቃይ ላይ ወባ ገደለው ብላ አስወራች። ጸጉሯን ተላጨች፣ የነፍስ አባቷን ሳይቀር ዋሽታ ተዝካሩን አወጣች። ከዚያ ወዲህ በሯን ያንኳኳ የለም። እሱም እሷም በሞቱ ነው የኖሩት።

«እስቲ ልየው» ብላ ወረቀቱን ተቀበለች። ፊደል አልቆጠረችም። የታያት የቀለም መስመር ብቻ ነው፤ የልጇ እጅ ይሁን የሌላ ሰው በምን ትለየው? የእሱ ከሆነ በሕይወት አለ ማለት ነው። ካልሆነ ግን ይህን ያጻፈው ሰው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ያርጋል መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ውጭ ውጭውን የሚያይ ይመስላል።

«ማን ይመስልዎታል፣ እመት ደብሪቱ?» አለ ፊቱን ሳያዞር።

«እንጃ። መተማ የሚወርደው ሰው ብዙ ነው። አንዱ ዘመድ ይሆናላ።»

«ልጅ የለዎትም አይደል?»

«ነበረኝ። ተዝካሩን አንቱም በልተዋል።»

ጋዜጠኛው ቁልፉን ተጫነና የቴፑ ክር መዞር ጀመረ። በእጁ ምልክት ሰጣት።

«ደብሪቱ ነኝ» አለች። ጉሮሮዋን ጠረገች። «ደኅና ነኝ። ላሚቱ ወልዳለች፣ ገብሱም ዘንድሮ ደኅና ነው። ማን እንደሆንክ አላውቅህም። ልጅ ነበረኝ፣ ሞቷል፤ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ቤቴ እንግዳ የሚቀበል ሰው የለም። እንዳትመጣ።»

የመጨረሻዋ ቃል ስትወጣ ቀጠነችባት። ያርጋል ከመስኮቱ ዞረ።

«የማያውቁትን ሰው እንዳትመጣ ይሉታል?»

«ብቻዬን የምኖር አሮጊት ነኝ፣ ጓድ ያርጋል። የማላውቀው ሰው ድምፄን ሲፈልግ አልፈራም?»

ሊቀመንበሩ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። ደብሪቱ ነገሩ ያለፈ መሰላት።

«አንድ ነገር ቀረን» አለ ጋዜጠኛው። «የዝግጅታችን ደንብ ነው፤ ድምፁ የቀረበ ሰው ዘፈን ይመርጣል። ምን እናሰማልዎ?»

አገኘሁ አውድማ ላይ በሬ እየነዳ የሚያዜመው ዘፈን መጣባት፤ የዘፈኑ ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያርጋል ሁለት እርምጃ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ልጅ የሞተባት እናት ምን ዘፈን ትመርጥ ይሆን ብሎ የሚጠብቅ ይመስላል።

«ዘፈን ትቻለሁ» አለች።

«ታዲያ የተረፈውን ሰዓት በምን ልሙላው?»

«እንዲያው ዝም ይበል።»

ያርጋል በረጅሙ ተነፈሰና ሲጋራ ሊለኩስ ወደ ደጅ ወጣ። ጋዜጠኛው በዓይኑ ሸኘው። ከዚያ እሷን አያት። ቴፑን ግን አላጠፋውም። ለምን እንዳላጠፋው ከፊቱ ልታውቅ አልቻለችም። አዝኖላት ይሆናል። ሌላ ቃል እስኪያመልጣት እየጠበቀም ይሆናል።

ደብሪቱ ማይክሮፎኑ ላይ አጎነበሰች። የሚሰማት አገኘሁ ከሆነ ትንፋሿን አይስተውም። ነጠላዋን ከአፏ ገለጥ አድርጋ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር፣ ክሩ እስኪያልቅ ድረስ ተነፈሰችበት።