የእንግሊዙ ሙሾ

ጋሼ ማናሴ ሲሳደቡ እንኳ ከቅኝት አይወጡም ነበር።

«ይሄ ሙሾ ነው! እናንተ የሰርግ ዘፈን አደረጋችሁት!» ይሉና ኪቦርዱን በመዳፋቸው ጧ ያደርጉታል።

ሙሾው የእንግሊዝ ነው። ከዘመናት በፊት የኖረ ገጣሚ፣ ልጁ በለጋነቷ ብትሞትበት የጻፈው። የእንግሊዝ ሙዚቀኞች እንዲህ ያሉ አሮጌ ግጥሞችን እየመረጡ ዜማ ሲያለብሷቸው ኖረዋል። ጋሼ ማናሴ ደግሞ፣ አዳማ ላይ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ አስተማሪ ናቸውና፣ ቃሉን በእንግሊዝኛው ትተው የትዝታ ቅኝት አለበሱት። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። እሑድ ከአዲስ አበባ የሙዚቃ ሰዎች መጥተው ሊሰሙት፣ ከወደዱትም ሊቀርጹት ነው።

የሚያሠለጥኑት የሰፈሩ ኳየር ታዲያ ግጥሙን ሸመደደው እንጂ ልቡ አልገባበትም። በተለይ ለብቻዋ የምትዘፍነው አያንቱ።

«ድምፅሽ ንጹሕ ነው። ምን ያደርጋል፣ ሰው ሞቶብሽ አያውቅም!» አሏት አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

አያንቱ እሳቸው ቤት ነው ያደገችው ማለት ይቻላል፤ ልጃቸው ኦብሴ የነፍስ ጓደኛዋ ናት። ኦብሴ አረብ አገር ከሄደች ወዲህ ብቻቸውን ለቀሩት አዛውንት ምሳ የምታደርሰው አያንቱ ነች። ደግሞም ኦብሴን «ሂጂ፣ እዚህ ምን አለሽ?» እያለች የገፋፋቻት እሷው ነበረች።

«ኦብሴ ደህና ናት፣ ጋሼ?» አለቻቸው ስትወጣ።

«አሠሪ ቀይራለች መሰለኝ። ስልኳ አይሠራም» አሉ፣ የኪቦርዱን ገመድ እየጠቀለሉ።

በማግስቱ አያንቱ ገበያ መሀል ቲማቲም ስትመርጥ በውጭ አገር ቁጥር ተደወለላት። የማታውቀው ወንድ ነው። እዚያው ኦብሴ ባለችበት የምኖር ሐበሻ ነኝ አላት። ኦብሴ ታማ ነበር፣ ብዙ ደከምን፣ አልዳነችም አለ።

«አባቷ ልባቸው ደካማ ነው አሉ። በስልክ እንዳይሰሙ። በሽማግሌ ይረዱ፣ አደራ!» ብሎ ዘጋው።

ዘንቢሏን እዚያው ጥላ ወደ እድሩ ዳኛ፣ ወደ ኦቦ ዱጋሳ ሮጠች። በሰፈሩ መርዶ ካለ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው።

«ዝም በይ» አሏት። «መርዶ በማለዳ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ። ማናሴ ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ቀን ደግሞ እሑድ ነው። አስከሬኑም እንደሆነ ቶሎ አይመጣም። ሰኞ ጠዋት እናረዳዋለን።»

«ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ! እስከዚያ እንዴት አድርጌ ፊታቸው እቆማለሁ?»

«እንባሽን ውጠሽ ነዋ።»

ክፉ ወሬ ሲደብቁት ይብስበታል፤ ሳይውል ሳያድር ኳየሩ በሙሉ ሰማ። ጋሼ ማናሴ ሲገቡ ጨዋታው ቀጥ ይላል። ሴቶቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ። እሳቸውም ምን ሆናችሁ አላሉም።

«ከመጀመሪያው» አሉ ብቻ።

አያንቱ ጀመረች። ልጅቷን አፈር የሚያለብሱበትን መስመር ስትዘፍን ድምፅዋ ተሰነጠቀ።

«ይኸውልሽ! አሁን ገና ገባሽ። ድገሚው!»

ደገመችው።

«አሁንም ድገሚው!»

ከኋላ የቆሙት ወንዶች ፊታቸውን በክንዳቸው ሸፈኑ። ምስኪን አባት፣ በገዛ ልጃቸው ሙሾ እየተደሰቱ ነው። አያንቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ምሳ ስታደርስላቸው ዓይኗ አብጦ ያያሉ። «ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትጠጪ፣ ድምፅ ይዘጋል» ይሏታል። ቅዳሜ ደግሞ የኦብሴን ፍራሽ ፀሐይ ላይ አስጥተው አገኘቻቸው።

«ሽታ ይዞ ነው» አሉ።

አያንቱ ሳህኑን አስቀምጣ ሸሸች። ከአጥሩ ውጭ ቁጭ ብላ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች።

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። ሙቀቱ አያድርስ ነው፤ ሰው ባገኘው ነገር ይራገባል። አያንቱ ስትጀምር መራገቡ ቆመ። አንዲት ቃል እንግሊዝኛ የማያውቁ እናቶች ሳይቀሩ እንባቸውን ጠረጉ። የአዲስ አበባዎቹ እንግዶች ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡ።

«እንዲህ ያለ ሐዘን ከየት አመጣችሁት?» ብሎ አንዱ ጠየቀ።

«በልምምድ» አሉ ጋሼ ማናሴ፣ ጎንበስ ብለው እጅ እየነሡ።

አያንቱ ቤቷ እንደገባች ጉንጉኗን ፈትታ ጸጉሯን በመቀስ ከሥሩ ቆረጠችው፣ እንደ ድሮ ሐዘንተኛ። ከዚያ «እኔ ነኝ የገደልኩሽ፣ እኔ ነኝ የላክሁሽ» እያለች እስኪበቃት አለቀሰች።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ኦቦ ዱጋሳ ከፊት፣ የእድሩ ሰውና ኳየሩ ከኋላ ሆነው ጋሼ ማናሴ በር ደረሱ። ሁሉም ጥቁር ለብሷል። አባትየው ሲወድቁ የሚይዟቸው ጎረምሶች ተመርጠዋል፤ አንዷ ውሃ ይዛለች። አያንቱ በጥቁር ሻሽ የተሸፈነ ራሷን ደፍታ የሰው ትከሻ ይዛ ቆማለች።

ኦቦ ዱጋሳ ጉሮሯቸውን ጠርገው የቆርቆሮውን በር አንኳኩ።

«አባዬ ጥቁር ለብሳችሁ በጠዋት እንደምትመጡ ነግሮኝ ነበር» አለች በሩን የከፈተችው ኦብሴ፣ «ግቡ፣ ቁርስ ቀርቧል።»