የፈታት ባሏ ምስክር

ዐቃቤ ሕጉ ጥያቄውን ይደግመዋል። ከሰዓት በኋላ የበርበሬ መጋዘኑ ሲቃጠል ተከሳሹ እሷ ቤት እንደነበረ በምን ታውቃለች?

«የዐስር ሰላት ሰግጄ ስነሳ መጣ፤ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲባል ሄደ» ትላለች ናጃህ። በቤቷ ቋንቋ አስባ በአማርኛ ስትናገር ምላሷ ይይዛታል። ከሦስቱ ዳኞች በስተግራ ያሉት፣ እሷ በተደናቀፈች ቁጥር እስክሪብቷቸውን ያስቀምጣሉ። ይህን ስታይ ይብስባታል።

ተከሳሹ ሸረፋ ነው፤ አምና የፈታት ባሏ። ከኋላ እናቱና አዲሷ ሚስቱ ፈቲሀ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። ለናጃህ ብሎ የመጣ ሰው የለም። ወንድሟ ለዚህ ሰው ከመሰከርሽ ደጄን እንዳትረግጪ ብሏታል።

ልብሱን ሊወስድ የመጣ ሰው ይህን ያህል ይቆያል ወይ ይላታል ዐቃቤ ሕጉ። በፍራሽ ተጨቃጭቀን ነው ትላለች። እንዳይሄድባት ብላ፣ የማትፈልገውን ፍራሽ የሙጥኝ ያለችው እሷ እንደሆነች አትናገርም። የጠየቃትም የለም።

ዐቃቤ ሕጉ ወደ ዳኞቹ ዞሮ፣ ይህች ሴት የመጣችው የቀድሞ ባሏን ለማዳን ነው ይላል። በስተግራ ያሉት ዳኛ በመስማማት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

መሃል ዳኛው ወደ ናጃህ ዘንበል ይላሉ። «አሁንም ትወጂዋለሽ?»

የሸረፋ ጠበቃ ቤዛ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ፣ ፍቺሽን ቢያነሱብሽ አትፈሪ፣ እንዲያውም ይጠቅመናል ብላታለች። ያኔ አልገባትም ነበር። በቁርአን የማለችበትን እጇን ከጀርባዋ ትደብቃለች።

«አልወደውም» ትላለች። «ቤቴን በትኖ ሌላ ያገባ ሰው ነው። ያየሁትን ልናገር ነው የመጣሁት።»

ምላሷ አንዴም አልያዛትም። በስተግራ ያሉት ዳኛ ቀና ብለው ያዩዋታል፤ ከዚያ መጻፍ ይጀምራሉ።

ዳኞቹ ተመካክረው ሲመለሱ፣ ምስክሯ ለተከሳሹ የምታደላበት ምክንያት ስለሌላት ቃሏ ታምኗል ይላሉ። ሸረፋ በነፃ ይሰናበታል። ፈቲሀ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች።

ግቢው ውስጥ ሸረፋ ከዘመዶቹ መሃል ወጥቶ ወደ ናጃህ ይመጣል። እንደ ባዳ ራቅ ብሎ ይቆማል።

«እየጠላሽኝ እውነቱን ተናገርሽልኝ» ይላታል። «አላህ ይክፈልሽ።»

ዓይኑ ውስጥ ትንሽ ጥርጣሬ ትፈልጋለች። የለም።

«አሚን» ትላለች።

ተመልሶ ከእናቱና ከፈቲሀ ጋር ባጃጅ ውስጥ ይገባል። ሦስቱ ተጠጋግተው፣ ትከሻ ለትከሻ ሆነው፣ ወደ መስቃን በሚወስደው መንገድ ሲታጠፉ ናጃህ ቆማ ታያለች።