የሐጂ ዘማራይ ሽኝት

ምሳው አለቀ። ሐጂ ዘማራይ እንግዶቻቸውን ሊሸኙ ተነሡና የአሜሪካዊውን ሻምበል የሃርፐርን እጅ ያዙ። በዚህ የአፍጋኒስታን ወረዳ፣ በአርጋንዳብ፣ ጋባዥ እንግዳውን እጁን ይዞ እስከ መንደሩ ዳርቻ ይሸኛል፤ እጁን እስከያዘው ድረስ ማንም አይነካውም። አስተርጓሚው ሐሺም የካቡል ልጅ ቢሆንም ይህን ያውቃል። ዛሬ የተማመነውም በዚሁ ብቻ ነበር።

የፈራው የሐጂን ታናሽ ወንድም ቶርያላይን ነው። ሰውየው ማዕድ አልቀረበም፤ ሰላምታ አልመለሰም። ምሳው እስኪነሣ በር ላይ ቆሞ አፈጠጠባቸው።

«የውሃ ጉድጓዱ በሚመጣው ሳምንት ያልቃል በላቸው» አለ ሻምበሉ።

«አላህ ይስጠው» አሉ ሐጂ። «ግድግዳውም ከድሮው ይበልጣል።»

የድሮው ግድግዳ አምና በአውሮፕላን ቦምብ ሲፈርስ ሁለት ልጆቻቸው ከሥሩ ቀርተዋል። ሻምበሉ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሲሚንቶ አመጣ። ከዚያ ወዲህ ሐጂን ፈገግታ ተለይቷቸው አያውቅም። «መንደሩ የእኛ ሆኗል» ብሎ ሻምበሉ ለአለቆቹ ጽፏል።

መውጫው ላይ ቶርያላይ አካፋውን አጋድሞ መንገዱን ዘጋ።

«ወንድም ጋሼ፣ ዳቦአችንን በልተዋል!» ብሎ ጮኸ። «ሰምተሃል? ከቤታችን በልተዋል!»

«ዝም በል፣ አንተ ውሻ!» አሉ ሐጂ።

«ምን አለ?» ሻምበሉ ጠየቀ።

የሐሺም ደም ፈላ። «በላችሁብን ነው የሚለው! ቋጣሪ!»

ሻምበሉ ሳቀ። «ዱቄት አመጣለታለሁ በለው።»

«ዱቄት!» ቶርያላይ ምራቁን ተፋ። «እናንተ ደንቆሮዎች! በቦዩ በኩል ዙሩ! በዚህ አታልፉም አልኩ!»

ከሻምበሉ ወታደሮች ሁለቱ አካፋውን ነጥቀው ጣሉት፤ እሱንም ገፍትረው ከአዲሱ ግድግዳ ጋር አጋጩት። ከንፈሩ ደማ። ሐሺም አጠገቡ ሲያልፍ «እሰይ» አለ።

መንደሩ ዳርቻ፣ ከመጨረሻው የእንጆሪ ዛፍ ሥር ሐጂ ቆሙ። ወደ ሐሺም ዘወር አሉ።

«ልጄ፣ የከሰዓቱ የአስር ሶላት ደርሷል። ከእኔ ጋር ስገድና ትደርስባቸዋለህ።»

«ጦር ሰፈሩ ገብቼ እሰግዳለሁ፣ ሐጂ ሳሂብ። እዚህ ከወንድምዎ ጋር ልቀር? አላህ አያድርገው!»

«እናት አለችህ?»

«አለችኝ።»

ሐጂ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ሻምበሉን አቅፈው ጉንጩን ሳሙት፤ እጁንም ለቀቁት።

ሐሺም ልቡ አረፈ። ያ እብድ ከኋላቸው ቀርቷል። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄዱ ሽማግሌውን በእጁ ሊሰናበት ዞረ።

ሐጂ ዘማራይ ሁለቱን ጆሮዎቻቸውን በመዳፎቻቸው ደፍነው ቆመዋል።