ሁለት ዙር ሲቀር

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። በባተርስት ተራራ ላይ ጉም ተኝቶ፣ ሽቅብ የሚወጣው የውድድር መንገድ ከሁለተኛው መታጠፊያ በላይ ተውጦ ነበር፤ ብርዱም ክረምቱ ገና ያልወጣ ያስመስል ነበር።

ሎርና ሃድሪክ ከነጯ መኪና አጠገብ ቆማ መዳፎቿን በሻይ ኩባያ ታሞቅ ነበር። ባሏ ሌስ ሲሞት የተወላት አንድ ጋራዥ፣ አንድ የእሽቅድምድም መኪናና አንድ ቬርን ነበር። መኪናዋ ዛሬ ካላሸነፈች፣ ስማቸውን በጎኗ ያጻፉት ነጋዴዎች ይሄዳሉ፤ እነርሱ ከሄዱ የሃድሪክ ቡድን የሚባል ነገር አይኖርም። ይህን ሁሉም ያውቁታል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን አልነበረም።

ቬርን ነዳጁን አስልቶ፣ መኪናዋ በየትኛው ዙር ጎማ ለመቀየርና ነዳጅ ለመቅዳት ወደ ጋራዡ በራፍ መግባት እንዳለባት የሚቆርጥ ሰው ነው። ያን ዙር ከእርሱና ከሎርና በቀር ቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ነጂው ጃሮድ እንኳ የሚሰማው መግቢያው አፍ ላይ ሲደርስ ነው። ይሁንና በዚህ ዓመት በሮጡበት ሜዳ ሁሉ አንድ ነገር ተደጋገመ። ጎረቤታቸው ብርቱካናማው ቡድን ከእነርሱ አንድ ዙር ቀድሞ መኪናውን ያስገባል፤ በአዲስ ጎማ ይከንፋል፤ ነጯ መኪና ጎማ ቀይራ ስትወጣ ጀርባውን ታያለች። አንድ ጊዜ ቢሆን ዕድል ይባል ነበር።

በብርቱካናማው ጋራዥ የቬርን አንድያ ልጅ ታምሲን ትሠራለች። በየውድድሩ በራፉ ላይ የተደፋ ሣጥን ስባ ትቀመጥና ሻይዋን ይዛ ወደ ነጩ ጋራዥ ታያለች። ሎርና በራሷ በራፍ ላይ ባለው ረጅም ወንበር ስትቀመጥ፣ ቬርን ሁልጊዜ ከኋላዋ ይቆማል። አባትና ልጅ በእርሷ ትከሻ ላይ በዓይን እንደሚነጋገሩ ከተጠራጠረች ወራት አልፈዋል።

ያን ዕለት ጠዋትም ቬርን በጉሙ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ለልጁ ሲያቀብል አየችው።

«ምን ሰጠሃት?»

«የሥጋ ፓይ። እዚያ ቤት መኪና እንጂ ሰው መመገብ አይችሉበትም።»

«ሌላስ?»

«ሶስ» አለ ቬርን፣ ሳቀም። ሎርና አልሳቀችም።

ጉሙ ሲገፈፍ ውድድሩ ተጀመረ። ነጯ መኪና መምራት ያዘች። የመጀመሪያው መግቢያ ሁለት ዙር ሲቀረው፣ ሎርና የሌስን ባርኔጣ ከምስማሩ አውርዳ ደፋች፤ ሌስም በዚያው ሰዓት ይደፋው ነበር፣ እርሷም ያለዚያ ልቧ አይረጋላትም። ብዙም ሳይቆይ የብርቱካናማው መኪና ጎማ ቀይሮ ወጣ፤ ነጯም ስትወጣ ሁለተኛ ሆነች።

ለቀጣዩ መግቢያ ሎርና ወጥመድ አሰበች። ቬርንን ከጎማዎቹ ክምር ጀርባ ጠርታ፣ ካሰላው የተለየ ዙር በጆሮው ነገረችው፤ ከእርሱ በቀር ለማንም እንዳልተነፈሰችም አከለች። ቬርን ጥቂት አስቦ ነዳጁ እንደሚበቃ አረጋገጠላት። ወደ ወንበሯ ተመለሰች፤ ያ ዙር ሁለት ሲቀረው ባርኔጣዋን ዳግም ከምስማሩ አውርዳ፣ ፀሐዩ በርትቶ ነበርና ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ደፍታ ጠበቀች።

ብርቱካናማው አንድ ዙር ቀድሞ ገባ።

ሎርና ጥርጣሬዋ ሲሞት፣ በምትኩም እርግጠኝነት እንደ በረዶ በደረቷ ሲጋገር ተሰማት። ወደ ኋላዋ ዞረች።

«የሌስን ሬሣ የተሸከመ ትከሻህ አያፍርም?»

ቬርን ወደ ልጁ አየ፣ ከዚያም ወደ እርሷ። ነገሩ ቀስ እያለ ገባው።

«ልጄ እዚያ የገባችው አንቺ ቦታ የለኝም ስላልሻት ነው፣ ሎርና። ያኔ ምንም አላልኩሽም።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ምንም አልልሽም።»

ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ባርኔጣው በሚሰቀልበት ባዶ ምስማር ላይ ሰቀለው። ልጁን ቀና ብሎ ሳያይ በአጠገቧ አልፎ፣ በሕዝቡ መካከል ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ሎርናን ልክ ነሽ የሚላት መሰለ። ጃሮድ በተራራው ጫፍ ላይ፣ ሌላ ነጂ በማይደፍርበት ጠባብ ቦታ፣ ብርቱካናማውን ቆርጦ አለፈው። አንድ መግቢያ ብቻ ቀረ፤ የዚያን ዙር ቁጥር ከእርሷ ልብ በቀር የሚያውቀው ፍጡር አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ የከበዳት ትከሻዋ ቀለላት። ባርኔጣዋን አውልቃ በጉልበቷ ላይ አኖረች፤ ንፋሱ ላቧን አደረቀላት። ነገ ጠዋት ለነጋዴዎቹ የምትላቸውን እንኳ ማሰብ ጀምራ ነበር።

ለመግቢያው ሁለት ዙር ሲቀር ባርኔጣዋን አንሥታ ደፋች።

ታምሲን እንደ ወትሮዋ በሣጥኗ ላይ ተቀምጣ ወዲህ ታይ ነበር፤ ከሎርና ኋላ ግን ማንም አልነበረም። ልጅቱ ዓይኗን ከባርኔጣው ላይ ሳትነቅል ኩባያዋን መሬት አስቀምጣ እጇን ከፍ አደረገች፤ ብርቱካናማ የለበሱት ሰዎች ጎማዎቻቸውን ይዘው ብድግ አሉ። የሃድሪክ ቡድን በዚያች ቅጽበት ውድድሩን አጣ፤ ቬርንን ግን ቀደም ብሎ አጥቶታል።