ወንድ እስኪያልፍ

የፋሲካ ዋዜማ ነው። አውራ ዶሮውን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ቢላዋ ይዛ፣ የግቢው በር ላይ ወንድ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። አባቷ ከሞቱበት ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በዓል በመጣ ቁጥር ሥራዋ ይኸው ነው። አሁን ሠላሳ አራት ሞልቷታል።

«እማዬ፣ በቃኝ! ራሴ ነኝ የማርደው!»

«ሴት ያረደችውን ማን ይበላልሻል?» አሉ እናቷ ከጓዳ። «ደግሞስ የሴት አንጀት ደም ማየት ይችላል?»

ዶሮውን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች።

በስንት ጊዜ ጎረቤታቸው ጋሽ ሽብሩ ከዘራቸውን ተደግፈው ብቅ አሉ። ቢላዋውን ተቀበሏትና ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው በፋሻ የታሸገ ሆዳቸውን አሳዩዋት።

«ዶክተር፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባለፈው ሳምንት ቀደሽ የሰፋሽው ገና አልጠገገም። ባጎነብስ ችግር አለው?»